የመዋኛ ንድፍ ቃላት በአማርኛ፦ ኦቾሎን ለምሳሌ ያደረገ ፍተሻ

ስለ ሙያ ቃላት ስያሜ በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚታሰቡን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሕክምና ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት መምህር አላቸው፣ መማሪያ መጽሐፍ አላቸው፣ በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የመሰለ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም አላቸው። ከዚህ አጥር ውጭ የቀሩት በየግንባታው ሥፍራ በየዕለቱ የሚነገሩት ቃላት ናቸው። ንድፉ በአንድ ቋንቋ ተሠርቶ ሥራው በሌላ ቋንቋ ሲከናወን ተርጓሚው ብቻውን ይጋፈጣቸዋል። ይህ ጽሑፍ ከነዚህ መካከል አንድ ትንሽ ዘርፍ፣ ማለትም ለዕረፍት ሥፍራ በሚነደፍ መዋኛ ላይ የሚያስፈልጉትን ቃላት ይመለከታል። ዘርፉ ትንሽ ይምሰል እንጂ ግንበኛው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የኬሚካል ባለሙያውና መዋኘት የማይችለው ሕፃን በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ የሚገናኙበት ነው። ስለሆነም አንድ ቃል ሲሳት የሚከተለው ጉዳት እንደ መጽሐፍ ግድፈት በእርማት ገጽ የሚቃና አይደለም።

ለፍተሻው ኦቾሎን መርጠናል። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ በአለት ላይ የተቆረቆረ የጋሞ መንደር ነው። ለሥነ ሰብ ተማሪዎች ስሙ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኦቾሎን የአደባባይ ሸንጎዎች አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞባቸዋል። እዚያ ተሠርቷል የምንለው መዋኛ የለም፤ የምንናገረው በእንዲህ ያለ አለት ላይ አንድ የዕረፍት ሥፍራ ቢታሰብ ነዳፊው ምን ብሎ ይጽፍ፣ ተርጓሚውስ ምን ብሎ ይመልስ ነበር ስለሚለው ነው። ሥፍራው ለጥያቄው የተመቸ ነው። ከሥሩ ሰፊ ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ነገር ግን አባያም ሆነ ጎረቤቱ ጫሞ አዞ የሚኖርባቸው ናቸውና እንግዳው ውሃውን ከላይ ሆኖ ያደንቃል እንጂ አይገባበትም። ስለዚህ በእነዚህ ሐይቆች ዙሪያ እንግዳ የሚቀበል ሁሉ ውሃ እያየ ውሃ መሥራት ይኖርበታል።

የሐይቆቹ ስም ራሱ ለስያሜ ሰው ትምህርት አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጡት ኢጣሊያውያን አሳሾች አባያን በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ»፣ ጫሞን ደግሞ በመስፍናቸው ስም «ሩስፖሊ» አሏቸው። ስሞቹ በካርታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ ዓሣ አጥማጁ ግን አንድም ቀን አልተጠቀመባቸውም። ዛሬ ከድሮ ካርታ በስተቀር የትም አይገኙም።

ከንድፍ እንጀምር። «ዲዛይን» የሚለው ቃል በከተማ አማርኛ ገብቶ ተደላድሏል፤ የሚነቅለው ያለም አይመስልም። ሆኖም «ንድፍ» ከርሱ የሚያንስ ቃል አይደለም። «ነደፈ» በአማርኛ ጥጥን በደጋን ማፍታታትንም ይገልጻል፤ ፈታይዋ እንዝርት ከማንሣቷ፣ ሸማኔውም ጉድጓዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በሽመና ስማቸው በናኘው ዶርዜዎች አገር፣ ከግንባታ በፊት ለሚሠራ ሥራ ይህን ቃል ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። በአንጻሩ ለሥፍራው የሚሰጠው ስም ገና አልረጋም። «መዝናኛ» ብንል ቃሉ ከመጠጥ ቤት እስከ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ድረስ ይሸፍናል። «መናፈሻ» ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያስታውሳል። «የዕረፍት ሥፍራ» ለዚህ ጽሑፍ በቂ ነው፤ ነገር ግን «ዐረፉ» ለሟች የሚነገር የክብር ቃል በመሆኑ በበር ላይ በትልቁ የተጻፈ እንደሆነ አንዳንዱን እንግዳ መቃብር ሥፍራ የደረሰ ሊያስመስለው ይችላል። ባለ ሆቴሎቹ «ሪዞርት» እና «ሎጅ» ብለው የተገላገሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛም እዚህ ላይ ክርክር አናነሣም።

ዋናው ክርክር ያለው በራሱ በመዋኛው ስም ላይ ነው። «ዋናው» ስል ችግሩን ራሱን ጠቀስሁ። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ የመዋኘት ሥራ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አለቃ፣ ቀዳሚ፣ ታላቅ ማለት ነው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በንግግር ማንም አይደናገርም፤ በንድፍ ላይ ግን «ዋና ገንዳ» ተብሎ የተጻፈው መዋኛው ይሁን ወይስ ሌሎቹን የሚመግበው ትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ማወቅ አይቻልም። «ዋና መውረጃ»፣ «ዋና ቧንቧ»፣ «ዋና በር» የሚሉትም በዚያው ወረቀት ላይ ይደረደራሉ። የአንዱ ወረቀት አንባቢ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ስም ከጠራ የቧንቧው መስመር ወደማይፈለግበት መሄዱ አይቀርም። ስለሆነም በንድፍ ቋንቋ «ዋና» የሚለውን ስም ለዋኝነት ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል፤ «መዋኛ» የተባለው ቅርጽ ከዚህ አሻሚነት ነጻ ነውና።

«መዋኛ» በቅርጹ የመሣሪያም የቦታም ስም ሊሆን ይችላል፤ «የመዋኛ ልብስ» ስንል ሥራውን፣ «መዋኛው ተዘጋ» ስንል ቦታውን እንጠራለን። ቃሉ ለቦታ ስምነት አዲስ አይደለም። በጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውንና ለጥምቀት ከቃሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ የሚሞላውን ግቢ ሕዝቡ «የፋሲል መዋኛ» ይለዋል። በአክሱም ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ማይ ሹምንም «የንግሥተ ሳባ መዋኛ» የሚሉት አሉ። ንግሥቲቱ ዋኘችበት አልዋኘችበት የታሪክ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ለቃል ሰብሳቢ ግን ሕዝቡ በሰው እጅ የተሠራን የውሃ ሥፍራ በዚህ ስም መጥራቱ በቂ ማስረጃ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለቤተ ሳይዳና ለሰሊሆም «መጠመቂያ» ይላል፤ ይህ ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ሊነጠል ስለማይችል ለሆቴል አይሆንም። በበጋ ለእንግዳ ለሚከፈት መዋኛ «መጠመቂያ» የሚል ተርጓሚ ቢገኝ ጠበል ፈላጊ እንዳይሰለፍበት ያሠጋል።

«መዋኛ ገንዳ» በሚለው ጥምር ውስጥ ያለው «ገንዳ» ታሪኩ ያማረ ነው። ከወፍራም ግንድ ተቦርቡሮ ከብት የሚጠጣበት ዕቃ ነበር፤ ከዚያ የመታጠቢያ ገንዳ፣ የውሃ ገንዳ፣ የቆሻሻ ገንዳ ሆነ። ባለግድግዳ፣ በሰው የተሠራ፣ ፈሳሽ ወይም ልቅ ነገር የሚይዝ ዕቃ ነው የሚለው ፍቺ አልተለወጠም። ስለዚህ ግንባታውን፣ ማለትም ወለሉንና ግድግዳውን «ገንዳ» ብሎ፣ ውሃው፣ ማጥለያውና ዙሪያው ተጨምሮበት ሰው የሚዋኝበትን ሁለንተና «መዋኛ» ብሎ መለየት ይቻላል። «ገንዳው ተሰነጠቀ»፣ «መዋኛው ተከፈተ» እንላለን። ይህ ልዩነት በውል ሰነድ ላይ ብዙ ሙግት ያስቀራል። «ኩሬ» ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ኩሬ የቆመ ውሃ ነው፣ በቆላ አገር ደግሞ ከወባ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። ከኢጣሊያንኛ የወረስነው «ባኞ» በቤት ውስጥ ቀርቷል፤ ከዚያ እንዲወጣ የሚያስገድድ ነገር የለም።

የገንዳው አሠራር በአለት ላይ ሲሆን አንድ ጥሩ የአገር ቃል ይጠብቀናል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» እንላለን፤ «ወቀረ» ድንጋይን በመጥረብ ቅርጽ ማውጣት ነው፣ ወፍጮም ይወቀራል። እንግዲህ በኦቾሎ አለት ውስጥ የሚፈለፈለው «ውቅር ገንዳ»፣ በአርማታና በብረት የሚቆመው ደግሞ «ግንብ ገንዳ» ሊባል ይችላል። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሒልተን መዋኛውን የሠራው በላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የመስቀል ቅርጽ ነው። በቅርጹ የላሊበላ፣ በአሠራሩ ግን ግንብ ስለሆነ «ውቅር» ልንለው አንችልም። ቃሉን በውበቱ ተማርኮ ላልሆነ ነገር መስጠት በስያሜ ሥራ ከሚታዩት ፈተናዎች አንዱ ነው። ደግሞም አለት ሁሉ ውሃ አይይዝም። ስንጥቅ ያለው አለት ያሰርጋል፤ ስለዚህ ውቅሩም ቢሆን ውሃ የሚከላ ልባስ ያስፈልገዋል። «ልስን» ለገጹ ማለስለሻ፣ «ልባስ» ውሃ ለሚከላው ሽፋን ቢመደብ ግንበኛው አንዱን ሠርቶ ሌላውንም ሠርቻለሁ አይልም።

እዚህ ላይ ስለ ቦታ መረጣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኦቾሎ በሕክምና ጽሑፎች ዘንድ የቁንጭር በሽታ በብዛት የሚታይበት አካባቢ በመሆኑ ይታወቃል። ጥገኛ ተሐዋሲው ሽኮኮ ላይ ይኖራል፤ ወደ ሰው የሚያሸጋግረው አንድ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ይህን ነፍሳት ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ተርጉመን «የአሸዋ ዝንብ» ብለነዋል። ውጤቱ ምንድን ነው? የአንድ መዋኛ ነዳፊ «ከአሸዋ ዝንብ ይጠበቅ» የሚል መመሪያ ቢደርሰው አሸዋ የሚፈልገው በሐይቁ ዳር ነው። ነፍሳቱ ግን የሚገኘው በአለት ስንጥቅ፣ በዋሻና በድንጋይ ካብ ውስጥ፣ ሽኮኮው ባለበት ነው፤ ይኸውም የእንግዳ ማረፊያው ካብ ሊደረደርበት በታሰበው ቦታ መሆኑ ነው። ስሙ ወደ ተሳሳተ ሥፍራ ይመራል። በበኩሌ «የቁንጭር ዝንብ» ብንለው ነፍሳቱን ከሚያመጣው ጉዳት ጋር ያስተሳስርልናል እላለሁ።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። ለምሳሌ ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር የሆነ መዋኛ 168 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህ 168 ቶን ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ የሚቀመጥ ሸክም መሆኑን ነዳፊው ሊዘነጋው አይገባም። ውሃው በየ6 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በማጥለያ እንዲያልፍ ከተፈለገ በሰዓት 28 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። ይህን ጊዜ «የዙር ጊዜ» ብንለው ይበቃል። ውሃው ሲጎድል ሠራተኛው «ቀነሰ» ብቻ ይላል፤ የመቀነሱ ምክንያት ግን ሦስት ነው፤ ሦስቱም በአማርኛ ስም አላቸው። ወደ አየር የሄደው «ትነት»፣ በስንጥቅ የገባው «ስርገት»፣ ዋናተኛው ረጭቶ ያወጣው «ርጭት» ነው። ትነቱን በቀን 5 ሚሊሜትር ብንል ከላይ ከጠቀስነው መዋኛ በየቀኑ 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠፋል። በመዝገቡ ላይ ሦስቱ ሳይለዩ «ጉድለት» ተብለው በአንድነት ከተጻፉ ስርገቱ በትነት ውስጥ ተደብቆ ለወራት ሊቆይ፣ ከሥር ያለውንም አፈር ሊሸረሽር ይችላል።

ውሃውን ስለ ማንጻት በአማርኛ የምንጠቀምበት ቃል አንድ ነው፤ እሱም «ማጣራት» ነው። ቃሉ ሥራ በዝቶበታል። ቡና ይጣራል፣ ወሬ ይጣራል፣ ሒሳብ ይጣራል፣ ለዓለም ዋንጫም የማጣሪያ ጨዋታ ይደረጋል። በመዋኛ ላይ ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። የአባያን ውሃ የተመለከተ ሰው ቀላ ያለ ቡናማ መሆኑን ያውቃል፤ ያን ቀለም የሚሰጠው ደቃቅ ደለል ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ በጨርቅ ወይም በአሸዋ ብቻ አይያዝም። በመጀመሪያ ደለሉ ተያይዞ እንዲወርድ የሚያደርግ ነገር ይጨመርበታል። ለዚህ ወተት ርጎ ከሚሆንበት «ረጋ» የወጣው «ማርጋት» የተመቸ ነው። የጋሞና የኮንሶ ቆላ ሰው ቅጠሉን የሚመገበው ሽፈራው ፍሬው ተወቅጦ የደፈረሰ ውሃን ለማጥራት እንደሚያገለግል የታወቀ ነው፤ ይህ በትክክል ማርጋት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ማጥለል» ነው፤ ጠላንና ጠጅን እንደምናጠልለው ውሃው በአሸዋ ወይም በሌላ ቀዳዳማ ነገር ውስጥ ያልፋል፤ መሣሪያው «ማጥለያ» ይባል። ከሁሉ በኋላ «ማምከን» አለ፤ ተሐዋስያኑ እንዳይራቡ በክሎሪን ወይም በሌላ ዘዴ ይደረጋል። ውሃው ጥርት ብሎ ሳይመክን ሊቀር ይችላል። «ጥሩ» የሚለው ቃላችን «ጠራ» ከሚለው ግሥ መውጣቱ፣ ጥርት ያለ ነገር ሁሉ ጤናማ ነው የሚል አሳብ በቋንቋችን ውስጥ ያኖረ ይመስለኛል። ጥርት ያለ መዋኛም ያሳምማል። ስለዚህ የሥራ መመሪያው «ውሃው ይጣራ» ብቻ ካለ ተርጓሚው ሥራውን አልሠራም።

በውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅጠልና ቅባት ለሚሰበስበው መሣሪያ ቃሉ ወጥ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀናል። አረፋ ይገፈፋል፣ የወተት ስልባቦትም ይገፈፋል፤ መሣሪያው እንግዲህ «መግፈፊያ» ነው። የውሃ ማጠራቀሚያውን በተመለከተ ግን ሕዝቡ ሳያማክረን ጨርሶታል፦ የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም የነበረው «ሮቶ» የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በመዝገበ ቃላት ልናስገባው ይገባል እንጂ ልንዋጋው አይገባም።

በገንዳው ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ ጽሑፎች «ፍሳሽ ማስወገጃ» ይሉታል። ይህ ለሽንት ቤትና ለወጥ ቤት የሚነገር ነው፤ የሚወጣውም ቆሻሻ እንዲሄድ ነው። የመዋኛው ወለል ቀዳዳ ሥራው ግን ውሃውን በፓምፕ ኃይል ስቦ ወደ ማጥለያው መውሰድ ነው። «ፍሳሽ ማስወገጃ» ብሎ የሚያነብ የቧንቧ ሠራተኛ ከፍሳሽ መስመር ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቃሉ አደጋውን መደበቁ ነው። መሸፈኛው ፍርግርግ የተነሣ እንደሆነ ስበቱ የአንድን ሕፃን ጸጉር ወይም አካል ይዞ ከሥር ሊያስቀረው ይችላል፤ ከአንድ ፓምፕ ጋር የተገናኙ ሁለት ቀዳዳዎች ተራርቀው የሚሠሩትም አንዱ ቢደፈን ስበቱ በሌላው እንዲካፈል ነው። «መምጠጫ» የሚለው ቃል ሥራውንም አደጋውንም በአንድ ጊዜ ይናገራል። «የወለል መምጠጫ»፣ «የመምጠጫ ፍርግርግ» እንበል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። በአማርኛ «ጥልቅ» አለ፤ ተቃራኒው የለም። ከወንዝ እስከ ጉድጓድ የውሃን ጥልቀት ለመግለጽ የምንችለው «ጥልቅ ያልሆነ»፣ «ጥልቀት የሌለው» በማለት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ጉዳት የለውም። በመዋኛ ዳር በተተከለ ሰሌዳ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «ጥልቅ ያልሆነ ክፍል» ተብሎ በተጻፈ ሰሌዳ ላይ ቀድሞ የሚታየው «ጥልቅ» ነው፤ አሉታው የሚመጣው ከኋላ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ «ጥልቅ ክፍል» ተጽፏል። ከሩቅ ለሚያነብ፣ ውሃ በዓይኑ ለገባበት፣ ገና ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ሁለቱ ሰሌዳዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ደህናውንና አደገኛውን ጫፍ በአንድ ቃል ጠርተን ልዩነቱን ለአሉታ መተው ነው።

ምትክ ለማግኘት የተለያዩ ቃላትን ብንመረምር አንዳቸውም በቀላሉ አይመጡም። «ግልብ» አለ፤ ነገር ግን ግልብ የሚባለው ዕውቀትና ሰው ነው። የሳሕን ሁለት ዓይነት አለ፣ ጎድጓዳና ዝርግ፤ «ዝርግ ወገን» እንዳንል ዝርግነት የዕቃውን ቅርጽ እንጂ የውሃውን ከፍታ አይናገርም፤ ወለሉ ዝርግ ሆኖ 3 ሜትር የሚጠልቅ መዋኛም አለ። «መልካ» ወንዝ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ በመሆኑ ለጆሮ ይጥማል፤ ዛሬ ግን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በቦታ ስምነቱ ነው። ይልቅስ ሰው ወንዝ ሲሻገር ምን ብሎ እንደሚናገር ማዳመጥ ይጠቅማል። ማንም ስለ ጥልቀት አያወራም። «እስከ ጉልበት ነው»፣ «ወገብ ይደርሳል»፣ «ያሰጥማል» ይላል። አማርኛ የውሃን ጥልቀት የሚለካው በሰው ቁመት ነው፤ የሚጠይቀውም እግር መሬት ይረግጣል ወይስ አይረግጥም የሚለውን ነው። ከዚህ ተነሥተን ደህናውን ጫፍ «መቆሚያ ወገን»፣ ሌላውን «ማስጠሚያ» ልንለው ባንደፍርም «ጥልቅ ወገን» ብንል በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል የሚጋራ ቃል አይኖርም። ከሥሩም ልኩ በሜትር ይጻፍ። «ቁመት» የሚለውን ግን ለሰሌዳ አንምከር፤ የማን ቁመት የሚለው አከራካሪ ነውና።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ሰሌዳ አለ። በመቆሚያ ወገን፣ 1.2 ሜትር በሆነ ውሃ ውስጥ፣ በራሱ ተወርውሮ የሚገባ ሰው አንገቱን ሊሰብር ይችላል። ይህን ለመከልከል አንዳንዶቹ «መዝለል ክልክል ነው» ሲሉ ሌሎቹ «መጥለቅ ክልክል ነው» ይላሉ። በራሱ የሚወረወረው ሰው እየዘለለ እንደሆነ አያስብም፤ መጥለቅ ደግሞ ፀሐይም የምትጠልቀው ነውና ከውሃ በታች መሄድ ማለት ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ለሚጫወት ልጅ የተነገረ ይመስላል። ሁለቱም አይከለክሉም። «በራስ መወርወር ክልክል ነው» ቢባል ይረዝማል፤ ነገር ግን የሚከለከለውን ነገር ይከለክላል።

ገደል ላይ የሚሠሩ የዕረፍት ሥፍራዎች አንድ የመዋኛ ዓይነት እጅግ ይወዳሉ። ውሃው በአንድ ወገን ከዳሩ እኩል ሆኖ በስሱ እየፈሰሰ ስለሚወርድ ዋናተኛው ከሩቁ ሐይቅ ጋር የተገናኘ ይመስለዋል። ከኦቾሎ በላይ አባያን ለሚያይ መዋኛ ከዚህ የተሻለ ጌጥ አይታሰብም። ተርጓሚዎች «መጨረሻ የሌለው» ወይም «ጠርዝ አልባ» ይሉታል። የመጀመሪያው ግጥም ነው፤ ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው። ይህ መዋኛ ጠርዝ የሌለው ሳይሆን ከሌሎች ሁሉ ይበልጥ ጠርዙ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። ግድግዳው በዚያ ወገን ዝቅ ተደርጎ አናቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሊሜትር ሳይዛነፍ መስተካከል አለበት፤ አንዱ ጫፍ ትንሽ ከፍ ካለ ውሃው በሌላው ብቻ ይወርድና ገሚሱ ደረቅ ግንብ ሆኖ ይቀራል። የፈሰሰው ውሃ ከሥር በቦይ ተይዞ በፓምፕ ይመለሳል። እንግዲህ ለግንበኛው «ጠርዝ አልባ» ብሎ መንገር እጅግ አጥብቆ ሊሠራ የሚገባውን ነገር የለም ማለት ነው። ግንበኛው ለዚህ ሥራ የሚይዘው መሣሪያ ስሙ «ውሃ ልክ» ነው፤ ቱንቢ ለቁም፣ ውሃ ልክ ለአግድም። ስሙን ከራሱ መሣሪያ ብንወስድ፣ ያን ግድግዳ «የውሃ ልክ ጠርዝ»፣ መዋኛውን «ባለ ውሃ ልክ ጠርዝ መዋኛ» ብንለው፣ ምን መሥራት እንዳለበት ስሙ ራሱ ይነግረዋል። ለማስታወቂያ ጸሐፊው ደግሞ «አድማስ ገጠም» ብንሰጠው አንከፋም፤ ማስታወቂያ የራሱ ቋንቋ አለው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አማርኛ ብቻ ነው። ኦቾሎ ላይ አርማታ የሚያቦካው ሰው ግን በቤቱ የሚናገረው ጋሞኛ ነው፤ መሐንዲሱም በ1986 እ.ኤ.አ. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተመሥርቶ በኋላ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የአርባ ምንጭ ተቋም የተማረ ቢሆን ትምህርቱን የቀሰመው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው በሁለቱ መካከል ድልድይ ይሆናል። የጋሞኛውን ቃል ጋሞኛ ተናጋሪው ራሱ ይሰይም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ዎጋጎዳ» በሚል ስም በመማሪያ መጻሕፍት የቀረበው ቋንቋ በወላይታ ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሣና የሰው ሕይወት እንዳስከፈለ፣ በመጨረሻም እንደተሻረ የምናስታውስ ሁሉ በጠረጴዛ ዙሪያ ለሌላው ሰው ቋንቋ መሥራት ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ለጋሞኛ የምናበረክተው ነገር ካለ የምንሰጠው ፍቺውን ነው፦ «መምጠጫ ማለት ውሃ ስቦ ወደ ማጥለያ የሚወስድ፣ ያለ ፍርግርግ የማይተው ቀዳዳ ነው» ብለን፤ ስሙን እዚያው ያውጡለት።

አንድ ቃል ይቀረናል። በመዋኛው ዳር ተቀምጦ የሚሰጥመውን የሚያወጣው ሠራተኛ ደረቱ ላይ ምን ይጻፍለት? «ዋና አዳኝ» እንዳይባል ከላይ ያነሣነው የጥብቀት ጣጣ እዚህም ይከተለናል፤ «አዳኝ» ደግሞ ከ«አዳነ» ሲወጣ ከሞት የሚያተርፍ፣ ከ«አደነ» ሲወጣ አውሬ የሚገድል ነው። ሁለቱ ቃላት አሻሚነታቸውን ሲደምሩ፣ የአዞ እርባታ ባለበትና በጫሞ ዳር የአዞ ገበያ በሚጎበኝበት አገር፣ ያ ሰው የአደን አለቃ ነው ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ነፍስ አድን» የሚለው ከሁለቱም አሻሚነት የራቀ ነው፤ በሕዝቡም አፍ ገብቷል። በልብሱ ላይ የሚጻፈው እሱ ይሁን።